የተሊማ እግርና የዝናብ መለከት

በሰንደራ መንግሥት ዝናብ ሳይጠራ አይመጣም ነበር። ደመናን ከዓለም ዳርቻ የሚጠራው የነሐስ መለከት በየዓመቱ በክረምት መግቢያ ይነፋል፤ ምድሪቱም ትረካለች። ዘንድሮ ግን መለከቱ ሊነፋ ስድሳ ቀን ሲቀረው፣ ሕዝቡ በታላቁ የውድድር ሜዳ ተሰብስቦ ሳለ፣ ክንፉ ከድንጋይ የተሠራው አውሬ አንጓር ከሰማይ ተወርውሮ ወረደ። መለከቱን ከንጉሥ ዳርሜን እጅ ነጥቆ ወደ ቆቅራ ተራራ በረረ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተሊማ የመንግሥቱ ፈጣን ሯጭ ነበረች። ገና ተራዋ ስላልደረሰ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ትመለከት ነበር። ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ አውሬውን ተከትላ ሮጠች። ሦስተኛውን ቦይ ስትዘል እግሯ ድቡልቡል ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ታጠፈና እየጮኸች ወደቀች።

ጋሻ ጃግሬዎች ከበቧት። አንዱ ቅቤ ይዞ እግሯን ሊያሽ ሲጎነበስ፣ «እጅህን አንሳ! ትኩስ ጉዳት አይታሽም!» የሚል ድምፅ ገሠጸው። የመንግሥቱ ወጌሻ እሜቴ ዋርሳ ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ቃላቸው የሚከበር አሮጊት።

ዋርሳ ተንበርክከው የቁርጭምጭሚቷን አጥንት ከግራና ከቀኝ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። የእግሯን የውጭ ጠርዝ ዳሰሱ፤ ከጤነኛው እግሯ ጋርም አስተያዩ። ከዚያ፣ «እስቲ አራት እርምጃ ተራመጂ» አሏት። ተሊማ እንባዋ እየወረደ ተራመደች።

«አጥንቱ ደህና ነው። የተጎዳው ጅማቱ ነው። ሰባት ሳምንት ስጡኝ» አሉ።

«ሰባት ሳምንት?» አለ ንጉሡ ደንግጦ። «እሜቴ፣ እርሻው እኮ ይደርቃል! ነገውኑ ትነሣ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ነገ ከላኳት የምትመለሰው በቃሬዛ ነው።»

ተሊማ በአንድ እግሯ ቆማ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «በአባቶቼ ዱካ እምላለሁ! በሁለት እግሬ ሄጄ መለከቱን አመጣለሁ!»

«መሐላሽ ያማረ ነው» አሉ ዋርሳ። «አሁን ተኚና እግርሽን ትራስ ላይ ስቀዪው።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በምንጭ ውኃ በራሰ ጨርቅና በልከኛ ማሰሪያ አለፉ። እብጠቱ ሲጎድል ዋርሳ በእግሯ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል አስጻፏት። ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ተረከዝ ማንሳት መጣ። ስሙ የገነነው ታጋይ ገርዳን፣ ብቻዋን እንዳይሰለቻት ብሎ አብሯት በአንድ እግሩ ይቆማል፤ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ግንድ ሲገነደስ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እሱም የዋርሳ ታካሚ ነበር፤ ቀኝ ትከሻው ሁለት ጊዜ ወልቋል። «ሦስተኛ ከወለቀ ትግል የሚባል ነገር እርሳ» ብለውታል።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተሊማ ሕመሙ ቢለቃት ጊዜ ተደብቃ ወጥታ ሮጠች። ሲመሽ እግሯ እንደ ዱባ አበጠ። ዋርሳ አልተቆጡም።

«ዛሬ ምን ተማርሽ?»

«ሕመም ጠፋ ማለት ጉዳት ዳነ ማለት እንዳልሆነ።»

«እንግዲያው ቀኑ አልባከነም።»

በሃምሳኛው ቀን ተሊማ በተጎዳው እግሯ ብቻ ሠላሳ ጊዜ ዘለለች፤ እግሯም ጸና። ከዋርሳና ከገርዳን ጋር ሦስት ሆነው ጉዞ ጀመሩ፤ በስድሳኛው ቀን ንጋት ላይ ከቆቅራ ደጃፍ ደረሱ። አንጓር የሚያድርበት ዋሻ የድንጋይ በር ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል፤ ጥቂት ቆይቶም ይወርዳል። ዋርሳ ግን ተሊማን ወዲያው አላስገቧትም። በፍጥነት አስኬዷት፣ ሶምሶማ አስሮጧት፣ ላብ በግንባሯ እስኪወርድ እግሯን አስወዛወዟት።

«እሜቴ፣ አውሬ ደጃፍ ላይ እስክስታ ነው የያዝነው?» አለ ገርዳን በሹክሹክታ።

«ያልሞቀ ሥጋ እንደ ደረቅ ጠፍር ነው፤ ድንገት ሲስቡት ይበጠሳል። አንተም ተወዛወዝ!»

በሩ ሲነሣ ተሊማ ገባች። አንጓር ተኝቶ ነበር። መለከቱን ከክንፉ ሥር ስትስብ ነሐሱ ድንጋዩን ነካና ጮኸ፤ አውሬው ነቃ። ተሊማ በልቅ ጠጠር ላይ በረረች። መሐል መንገድ ላይ ያ እግሯ ልክ እንደዚያን ዕለት ወደ ውስጥ ዘመመ። ዳሩ ግን ጅማቷ ያዘ፤ እግሯ ተቃንቶ ቀጠለ። በሩ ግን መውረድ ጀምሯል!

ገርዳን ከበሩ ሥር ገብቶ በሁለት እጁ ወደ ላይ ደገፈው።

«ገርዳን፣ ትከሻህ!»

«አውቃለሁ እህቴ፤ እለፊ!»

ተሊማ በጎኑ ተስፈንጥራ ወጣች። የገርዳን ትከሻ ቋ ብሎ ወለቀ፤ እሱ ወደ ውጭ ወደቀ፤ በሩም አንጓር ላይ ከነቁጣው ተዘጋበት።

ተሊማ መለከቱን ነፋች። ደመና ከአራቱ ማዕዘን እየተንጋጋ መጣ፤ ዝናቡም ወረደ። ዋርሳ በዝናቡ ውስጥ የገርዳንን ጣቶች አንድ በአንድ እየነኩ ስሜት መኖሩን ጠየቁ፤ ቀስ ብለውም ትከሻውን ወደ ቦታው መለሱ።

«ትግልስ?» አላቸው።

ሊዋሹት አልወደዱም። «ቀረ፣ ልጄ።»

ገርዳን ዓይኑን ጨፈነ። ዝናቡ ፊቱን አጠበው። «እንግዲያው ሙያዎን ያስተምሩኝ» አለ።

ሰንደራ ሰባት ቀን ጨፈረች። ንጉሥ ዳርሜን «የምትሻውን ጠይቅ» ቢለው፣ ገርዳን ወርቅ አልጠየቀም። «ማንም ተወዳዳሪ ወጌሻ ሳያየው፣ አወዳደቅም ሳይማር ሜዳ እንዳይገባ ይታወጅልኝ» አለ። ታወጀም።

በቀጣዩ ዓመት ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። በፍጻሜው ትግል አንዱ ታጋይ ሌላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ መሬት ላይ ጣለው። ሕዝቡ አሸናፊውን ተሸክሞ በእልልታ ሲዞር፣ ገርዳን ወደ ተሸናፊው ሮጠ። አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ዳሰሰ። ልጁ አቧራውን አራግፎ ብድግ አለ፤ አንዳች አልሆነም።

ያኔ ገርዳን እሱ ራሱ ባሸነፈባቸው ዓመታት እንኳ ጮኾ በማያውቀው ድምፅ «ደህና ነው! ደህና ነው!» እያለ ሜዳውን በደስታ ዞረው።