በጣቢያው ዜማ ውስጥ ያለው ዝምታ

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በበጋው መግቢያ፣ ከተማይቱ ገና ከሐዘኗ ሳትወጣ የባቡር ሐዲዱ ደጃፏ ደረሰ። ከወንዙ ማዶ ጣቢያው የሚሠራበት ሜዳ በድንጋይ ጠራቢዎች መዶሻ ሲናጥ ይውላል፤ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ግን አሁንም የቁስለኞች ማስተኛ ነበር፤ በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝም ጥቁር ያልለበሰች እናት ማግኘት ጭንቅ ነበር። የከተማይቱ ገዥ፣ ራሳቸውም አንድ ክንዳቸውን በጦርነቱ ያጡ አዛውንት ሻለቃ፣ አዲሱ ጣቢያ በሚመረቅበት ዕለት በሸክላ ተቀርጾ የሚሰማ ዜማ እንዲዘጋጅ አዘዙ፤ ትእዛዙም በአናጺዎች ጎዳና ለሚኖረው ቫዮሊን ሠሪ ደረሰው።

ይህ ሰው ቫዮሊን ይሠራል፣ የተሰበረውን ይጠግናል፣ የባለጸጎችን ልጆች ያስተምራል፤ ስለዚህም ሰፈሩ «መምህሩ» ይለው ነበር። ሚስት አላገባም። የሚኖረው እናታቸው ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ሆና ካሳደገችው ከታላቅ እህቱ ጋር ሲሆን፣ እሷም በልብስ ስፌት የምትተዳደር ሴት ነበረች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው የእሱ መጋዝ፣ ሙጫና የእንጨት ፍቅፋቂ፣ በኋለኛው የእሷ የስፌት መኪና፤ በመካከሉ ያለው በር ከመከፈት ብዛት ማጠፊያው ላልቶ ነበር።

ዜማ የሚያበጁት እንዲህ ነበር፦ እሱ አንድ ሐረግ ይጀምርና መንገድ ላይ ይቆማል፤ መጨረስ የሚሉት ነገር አልተፈጠረለትም። እሷ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ሁለተኛውን ቫዮሊን ከግድግዳው አውርዳ ትመልስለታለች። መልሷ አንድ ቀን ተግሣጽ ይሆናል፣ አንድ ቀን ማባበል፤ አንዱን መልስ ግን ሁለት ጊዜ ሰጥታ አታውቅም። እሱ ይናደድና የትናንቱን ድገሚልኝ ይላታል፤ እሷም የትናንቱን ትናንት በልተነዋል ብላ ትስቅበታለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ከተማው ስለ እሱ የሚያወራውን ለብዙ ጊዜ አልሰማም ነበር። የሰማው በእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ከበሮ ወጣሪው ሊቀልድበት ብሎ «መምህር፣ አንተ ዜማ ታረግዛለህ እንጂ የምትወልደው እህትህ ናት አሉ» ባለ ጊዜ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን ቆሰለ። በዚያ ላይ ዘመኑ ብቸኛ ሊቅ የሚመለክበት ዘመን ነበር፤ ጋዜጦቹ ታላቅ ሥራ ሁሉ በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ ከአንድ ሰው ራስ የሚወጣ አድርገው ይጽፉ ነበር። ስለዚህ የገዥው ትእዛዝ እንደ ደረሰው የመካከሉን በር ዘጋ፤ ለእህቱም ይህን ብቻዬን ነው የምሠራው አላት። እሷ ይቅናህ ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ወራት አለፉ፤ ጅማሬው በጅማሬ ላይ ተከመረ፣ መጨረሻ የሚባል ግን ጠፋ። ዜማውን በሸክላ የሚይዙት ድምፅ ቀራጮች መምጫ ሲቃረብ መምህሩ በሩን ከፍቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እትዬ እስቲ ነይ አላት። እሷም በሩን ዘግቶ ሲታገል ምን እንዳገኘ ጠየቀችው፤ ራስ ምታት አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ በዚያው ከሰዓት በኋላም ከክምሩ አንዱ ጅማሬ መልስ አግኝቶ የጣቢያው ዜማ ተወለደ። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ከዚያ እሱ እንደገና ይጠይቃል። ከሠሩት ሁሉ የበለጠ እንደ ሆነ ሁለቱም ዐወቁ። እሱን ደስታውም ቅናቱም እኩል ያዙት።

አዳራሹ በቁስለኞች ስለ ተያዘ ድምፅ ቀራጩ መሣሪያውን በጋሪ አስጭኖ ወደ ቤታቸው መጣ። መሣሪያው አንድ ትልቅ የቆርቆሮ መለከት አለው፤ ወደ መለከቱ አፍ የቀረበ ይሰማል፣ የራቀ ይቀራል፤ ድምፁን የሚቀበለውም ለስላሳ የሰም ሰሌዳ ነው። ሰሙ ላይ የተቀረጸውን እዚያው ልስማው ቢሉት ይበላሻል፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ሸክላ ሆኖ እስኪመለስ ምን እንደ ተያዘ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ይህን ሁሉ በትሕትና አስረድቶ፣ ከመለከቱ ፊት ለፊት በጠመኔ ሁለት ምልክት ጎን ለጎን አሰመረ፤ አንዱን ለመምህሩ፣ አንዱን ለእህቱ። ከዚያ ሰሙን እሳት ዳር ሊያሞቅ በጓሮ ወዳለው ማድቤት ወጣ። እህቱም ልብሷን ልትለውጥ ወደ ክፍሏ ገብታ ነበር።

መምህሩ ብቻውን ቀረ። የከበሮ ወጣሪው ሳቅ ጆሮው ውስጥ ነበር። በጫማው ጫፍ የእህቱን ምልክት አጠፋው፤ ጠመኔውንም አንስቶ፣ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሌላ አሰመረ። ድምፅዋ ቀነስ ይላል፣ ይጠፋል አላልኩም ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጣም።

እህቱ ስትመጣ ምልክቱን አየችና «እዚህ ድረስ ርቄ ነው የምቆመው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ እትዬ። ሰውየው ነው ያለው።»

ድምፅ ቀራጩም ተመልሶ የእህቱን ርቀት ባየ ጊዜ ድምፅዋ እንዳይጠፋ ሠጋ፤ መምህሩ ግን ክንዷ ብርቱ ነው፣ ቀርባ ከተጫወተች ትሸፍነኛለች አለው። ሰውየው የቤቱ ባለቤት ያውቃል ብሎ መሣሪያውን አስነሣ። ዜማውን ተጫወቱት። እሷ እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም፤ ጀርባውን ሰጥቷት የቆመው ወንድሟ እንኳ በመልሷ እንባው መጣ። ሰውየውም አንድ ትርፍ ሰም እንዳለውና ከፈለጉ አቀማመጡን ለውጠው መድገም እንደሚቻል ነገራቸው። መምህሩ አያስፈልግም አለ።

ሸክላው የመጣው በመጀመሪያው ባቡር፣ በምረቃው ዕለት ጧት ነበር። ማንም አስቀድሞ አልሰማውም። ገዥው ጽሕፈት ቤታቸውን ትተው በሠረገላ ወረዱ፤ ሹማምንቱ በየማዕረጋቸው ቆሙ፤ ሕዝቡም ሜዳውን ሞላው። መምህሩና እህቱ ከመድረኩ ሥር ቦታ ተሰጣቸው። ሸክላው መዞር ጀመረ።

የወንድምየው ጥያቄ ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ መልሱ ሊመጣ በሚገባው ቦታ ምንም አልመጣም። መርፌው ሸክላውን ሲፍቅ ብቻ ተሰማ። ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ እንደገና ጸጥታ። መምህሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ዞር ብሎ እህቱን ሲያያት፣ ጸጥታው በመጣ ቁጥር የግራ እጇ ጣቶች በቀሚሷ እጥፋት ላይ እየተንቀሳቀሱ ነበር፤ መልሷን አንዱንም ሳትዘል ለብቻዋ ትጫወተው ነበር።

በሁለተኛው ጸጥታ ገዥው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሹማምንቱ ተከተሏቸው፤ ሕዝቡም ተከተለ። በሦስተኛው ጸጥታ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከሐዲዱ ዳር ተንበርክካ የልጇን ስም ጠራች፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ሸክላው ሲያበቃ ገዥው ብድግ ብለው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ይህ ሰው የማይመለሱትን ጠራልን፤ የማይመለሱትም እንደማይመልሱ አሰማን» አሉ። ሜዳው አለቀሰ።

መምህሩ ወደ እህቱ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ አሁን ወጥቼ ልናገር» አላት።

«ምን ብለህ?»

«ባዶ አይደለም ብዬ። አንቺ እዚያ ውስጥ ነበርሽ ብዬ።»

እህቱ የተንበረከከችውን ሴት በአገጯ አመለከተችው። «ያቺ ሴት ልጇን የምታስቀምጥበት ቦታ ዛሬ ገና አገኘች። ሂድ፣ ቦታው የእህቴ ነው፣ ልቀቂ በላት እንግዲህ።»

መምህሩ ወደ መድረኩ አልወጣም። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ራሱን ይቅር ያላለበት ነገር የተፈጸመው በዚያች ቅጽበት ነው፤ እህቱ አትናገር ስትለው ልቡ እፎይ አለ።

እፎይታውን እሷም አየችው። «ምልክቱን ማን ነው ያዛወረው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ዐውቄያለሁ። ጫማህ ላይ ጠመኔ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የምትፈልገው መስሎኝ ነዋ» አለች። «የፈለግኸውን ስከለክልህ መቼ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ሰዎች ሊጨብጡት ሲጋፉ እሷ መንገድ ለቀቀችላቸው፤ ከዚያም ስፌት አለብኝ ብላ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ብትቆጣው፣ ብታኮርፈው፣ ሁለተኛውን ቫዮሊን ብትሰብረው ኖሮ በቀለለው ነበር። እሷ ግን ሲጠራት ትመጣለች፣ ሲጀምር ትመልሳለች፤ የሚቀልዱትንም ይቀልዳሉ። እሱ ነው መጫወት ያቃተው። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ አጠገቡ አቁሟት፣ መልሷ ሲመጣ ቀስቱን ያወርዳል። ድምፅ ቀራጮቹ ተመልሰው ሲመጡ ከመለከቱ አፍ ላይ አቆማታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ። ነገር ግን በቀጣዩ ክረምት የሳንባ ሕመም ያዛት፤ ክረምቱም ሳይወጣ ሞተች።

ድምፅ ቀራጮቹ ከዓመታት በኋላ ተመለሱ። መምህሩ ከተማሪዎቹ ሁሉ የተሻለችውን አስጠርቶ ከመለከቱ ፊት፣ ከጎኑ አቆማት፤ የጣቢያውን ዜማም ጀመረ። የመልሱ ቦታ ሲደርስ ልጅቱ ቀስቷን አንሥታ «ምን ልጫወት ጌታዬ?» አለችው። እሱም ሊያንጎራጉርላት አፉን ከፈተ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ የኖረው፣ እህቱ ግን ደግማው የማታውቀው መልስ፣ ሊመጣለት አልቻለም። ዜማው የተወለደበት ያ ከሰዓት በኋላ፣ ያ የቀረጻው ዕለት፣ ሁሉም ከእሷ ጋር ሄዷል። ሰዎቹን ይቅርታ ጠይቆ አሰናበታቸው።

በስተርጅናው ለአንድ ጋዜጣ ጸሐፊ እውነቱን ተናገረ፤ ጸሐፊውም የታላላቅ ሰዎች ትሕትና በሚል ርእስ አወጣለት። ዛሬ በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የጣቢያው ዜማ ሲጠና፣ ተማሪዎች ጸጥታው ሲደርስ ቀስታቸውን ከክሩ አንሥተው አንገታቸውን እንዲደፉ ይታዘዛሉ፤ መጻሕፍቱም በብቸኝነት የተወለደ ታላቅ ዜማ ይሉታል። ታሪክ ጸሐፊዎቹ አልዋሹም፤ የሰሙትን ጻፉ። አንዲት ልብስ ሰፊ ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ በዚያ ጸጥታ ሁሉ ውስጥ ክንዷ እስኪዝል ስትጫወት እንደ ነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሲናገር ያመነው አልነበረም።