ጥቁር ጨርቅ የለበሰው ቴሌቪዥን

በ2016 ዓ.ም. ነው፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ስቄ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ዛሬም አምናለሁ አልልህም፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርህ።

ባለቤቴ ዘነበች ካረፈች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ለአርባዋ የሚሰቀል ፎቶ አጣን፣ የነበረው ሁሉ ስልኳ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ደግሞ እሷ የወደቀች ቀን አብሯት ወድቆ ስክሪኑ ጠቁሯል፣ ከዚያ ወዲህ ከመሳቢያ አልወጣም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለ ስልክ ሠሪ ወሰድኩት፣ ቻርጅ አድርጎ አየው።

«አባባ፣ የጠፋው ዓይኑ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው» አለኝ፣ «በዚህ ገመድ ቲቪው ላይ ይሰኩት፣ ውስጡ ያለው እዚያ ይታይዎታል።»

የምኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጎረቤቴ አስካለ ገመዱን አየችብኝ። ለቅሶ ቤት ስለሆንን ቴሌቪዥኑን ከቀብር መልስ ራሷ ናት በጥቁር ጨርቅ የሸፈነችው።

«አርባዋ ሳይወጣ ሊከፍቱት? ይተዉ ጋሽ ታደሰ፣ ደግ አይደለም።»

«ዘፈን ልሰማበት መሰለሽ? ሚስቴን ላይበት ነው።»

«ዕድሜ ልኳን እርስዎን ስታይ ኖራለች፣ አሁንስ ትረፍ እንጂ» ብላኝ ወረደች።

እኔ እሺ አልልም፣ ጨርቁን ገፈፍኩት፣ የገመዱን አንድ ጫፍ ስልኩ ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካሁ። ገና ምኑንም ሳልነካ ድምፅ መጣ፣ ነጠላ ጫማ ሲጎተት፣ ቀጥሎ ያቺ አጭር ሳሏ፣ እመነኝ፣ ከሺህ ሰው ሳል መሀል እለያታለሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ከዚያ ምስሉ መጣ። የኛው ሳሎን ነው፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይታያል፣ ጥቁሩን ጨርቅ ለብሷል።

ልብ በል፣ ጨርቁን የለበሰው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው።

ምስሉ ቀስ እያለ ዞረ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ አልጋው ላይ አንድ ሽማግሌ በጎኑ ተኝቷል፣ እኔ ነኝ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ ቆየ፣ ከዚያ ከላዬ የወረደው ጋቢ ወደ ትከሻዬ ተሳበ፣ እጅ ግን አላየሁም። ገመዱን ነቀልኩት። ሳሉ አንዴ ተደገመ፣ ከቴሌቪዥኑ ይሁን ከመኝታ ቤት ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አስካለ «ፎቶው ተገኘ?» ስትለኝ «የለም» አልኳት፣ እውነቴን ነው፣ የሷ መልክ የትም አልነበረም፣ ከዚያ ገብቼ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁትና ትራሷ ላይ አስቀመጥኩት፣ ካሜራውን ወደኔ ትራስ አዙሬ።