ሜዳ ላይ ያለው ደፍ

በሐርጎን መንግሥት ጎህ ሲቀድ እያንዳንዱ ቤት በደጃፉ የተሰቀለውን የመዳብ ደወል ይመታ ነበር፤ «በሕይወት አለን» ማለት ነው። ደወሉ ዝም ካለ ጎረቤት ሮጦ ገብቶ ያያል። እንዲህ ያለ ደግ ልማድ የትም አልነበረም፤ ያስጨረሳቸውም እሱ ነው።

ፀሐይ ሐምራዊ ሆና በወጣችበት ማለዳ የአንጥረኞች ሰፈር ደወሎች ዝም አሉ። ጎረቤቶች ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ የእነሱም ደወል ዝም አለ። በሰው ትንፋሽ ተሳፍሮ የሚዞር፣ በሳል የሚገድል፣ አመዳይ የተባለ ጋኔን ከተማዪቱ ገብቶ ነበር። ንጉሡ በራቸውን ቀርቅረው ከጠንቋዮቻቸው ጋር ሲመክሩ፣ የደወል ሠሪዋ የወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ ትርንጎ አደባባይ ወጣች።

«ዘንዶው ቀርጡም ከሚጠብቀው ዛፍ ሙጫውን አመጣለሁ። በምንጫችን ውሃ ተፈልቶ ሲጠጣ፣ ገና ያልሳለውን ሰው ከአመዳይ ይጋርደዋል። እናንተም ማሉልኝ! ማንም የማንንም ደፍ አይርገጥ። የጎረቤታችሁ ደወል ዝም ካለ፣ በየደጃችሁ ቆማችሁ የራሳችሁን ድገሙለት። ብቻውን እንዳልሆነ ይስማ።»

ሕዝቡ እያለቀሰ ማለ።

ትርንጎ ከአብሮ አደጓ ከአዳፍሬ ጋር የጨው በረሃውን አቋረጠች። ቀርጡም ዕውር ነበር፤ የሚያድነው በድምፅ ነው። አዳፍሬ የያዙትን ደወል እያንቃጨለ ወደ ገደል አፋፍ ሳበው፤ ዘንዶው አፉን ሲከፍት ደወሉን ወረወረለት። ቀርጡም ደወሉን ተከትሎ ገደል ገባ፤ ትርንጎም ስልቻዋን በሙጫ ሞላች።

በመመለሻቸው ግን አዳፍሬ ሳለ። አመዳይን ከከተማው ይዞት ወጥቶ ኖሯል።

«ራቂኝ አንቺ! ያስማልሽውን መሐላ ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም። ግን እዚህ ማን ይደግምልሃል? ደወላችንም የለ» አለችና ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ሲሞት ብቻዋን ቀበረችው። ከዚያ ወዲያ የሚያናግራት አልነበረምና፣ በበረሃው ውስጥ ስሙን እየጠራች ሄደች።

የሐርጎን በር በታያት ጊዜ እሷም ሳለች። ስልቻውን ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኑራ ወደ ኮረብታው አፈገፈገች።

«በረጅም እንጨት አንሱት! ከነስልቻው ቀቅሉት! እኔን አትቅረቡኝ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸው እየተጎተተ ሮጡ።

«ልጄ፣ ሜዳ ላይ ነሽ እኮ! ቤት የለሽ፣ በር የለሽ! የቱን ደፍ ነው የማልረግጠው?»

«እማዬ፣ ድንጋዩ ደፌ ነው።»

እናትየው ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። እዚያው ተቀምጠው ጮኸው አለቀሱ፤ አልተሻገሩም።

ሙጫው ተፈላ፤ ሕዝቡ ጠጣ፤ ደወሎቹም ሰፈር በሰፈር ተመለሱ። ትርንጎ ሰዎች የሚያኖሩላትን ስንቅ ከድንጋዩ ላይ እያነሳች፣ ጎህ ሲቀድ ሁለት ድንጋይ እያጋጨች ትመልስላቸው ነበር። ናፍቆቷ ከሳሉ ይልቅ አደከማት።

አንድ ማለዳ ከኮረብታው ድምፅ ጠፋ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከደጃቸው ቆመው ደወላቸውን ደገሙ። ጎረቤታቸው ደገመ፤ ሰፈሩ ደገመ፤ ንጉሡም በመጨረሻ በራቸውን ከፍተው በገዛ እጃቸው መቱ። አመዳይ ከዚያ ወዲህ ሐርጎንን አልረገጠም። ሕዝቡ ግን ዛሬም ድረስ ደወሉን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሁለተኛውን ፊቱን ወደ ኮረብታው አዙሮ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ሁለተኛውን ከመቱ በኋላ ወዲያው ወደ ቤት አይገቡም ነበር። ጥቂት ቆመው ያዳምጣሉ።