የአባ ግማሽ መዝገብ

«የግፊት መለኪያ ጌጆቹን ሊፈትሹ ነው አይደል? ከጠራናችሁ ሦስት ወር ሆነ» አለ የመስታወት ፋብሪካው ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።

«የሰው ሞት ላጣራ ነው» አለች መርማሪዋ።

«ለእሱማ የጠራናችሁ ትናንት ነው። ፈጥናችኋል።»

ሟቹ የጋዝ ቫልቭ ሠራተኛ ነበር፤ አባ ግማሽ ይሉታል። ትናንት ረፋድ ላይ ጉድጓድ ወርዶ፣ ከቫልቩ ወዲያ ያለውን የቧንቧ መጋጠሚያ ሲያጠብቅ ጋዝ አፍኖት ተገኘ። የዕለቱ መዝገብ ከጌጆቹ ንባብ ጎን በየሰዓቱ «ቫልቭ ሙሉ ክፍት» ይላል። እንግዲህ ጋዙን ሳይዘጋ በገዛ እጁ ገባ መባሉ ነው።

«የቤታችንን ምድጃ እንኳ ሦስቴ ሳያይ የማይተኛ ሰው! ጥፋቱን ሬሳ ላይ አትጫኑ» ብላ ሚስቱ ከቫልቭ ክፍሉ ደጃፍ አልነሳም ብላለች።

ከሟቹ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። መርማሪዋ እስከ ቀትር ብትለፋም ጠብ ያለላት ነገር የለም። የዕቃ ቤት ኃላፊው አላየሁም፣ የምድጃ ኃላፊዋ አልሰማሁም፣ መሐንዲሱ «መዝገቡን ይመልከቱ»። ሦስቱም አንድ አፍ ሆኑባት። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ለመሆኑ ለምን አባ ግማሽ አላችሁት?»

«ቫልቩ አርጅቷል፣ ጋዙ ሲያልፍበት ከግፊቱ ግማሽ ባር ይበላል እያለ ስለሚነዘንዝ ነዋ» አለ ዕቃ ቤቱ። «መሐንዲሱ ደግሞ በስሌቴ የባር ሁለት አሥረኛ ብቻ ነው ይለዋል። በእነሱ ክርክር እኔ አረጀሁ።»

መርማሪዋ ተነሥታ ጌጆቹን አየች። ከዚያ ሁሉንም ቫልቭ ክፍሉ ደጃፍ ሰበሰበች።

«ትናንት ጠዋት ምድጃው ጠፍቶ ነበር?»

«ሃያ ደቂቃ» አለች የምድጃ ኃላፊዋ። «ቫልቭ ክፍሉ ደውዬ ጋዝ ልቀቁልኝ ብዬ ጮኬያለሁ። አንዱ ስልኩን አነሣና ሳይመልስ ዘጋው።»

«ምነው እስካሁን ሳይነግሩኝ?»

«የጠየቁኝ ስለ ሟቹ ነው፤ ስለ ምድጃ መች ጠየቁኝ?»

መርማሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ምድጃው የጠፋው ሟቹ ቫልቩን ዘግቶ ስለወረደ ነው። ስልኩን ያነሣው ሰው ጉድጓዱን ሳያይ ከፈተው። ኋላም ገጹን ቀዶ፣ ቫልቩ ጭራሽ እንዳልተዘጋ አስመስሎ አዲስ ጻፈ። አሁን ቫልቩ ሙሉ ክፍት ነው፤ ምድጃውም የሚወስደው እንደ ወትሮው ነው። ጌጁ ከቫልቩ በፊት ስድስት፣ በኋላ አምስት ተኩል ባር ይላል። የመዝገቡ የወሩ ገጾች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። የትናንቱ ገጽ ብቻ ከቫልቩ በኋላ አምስት ነጥብ ስምንት ይላል። ዕቃ ቤቱ ቢጽፈው፣ ስሌት ስለማያውቅ ከቀድሞው ገጽ ይገለብጥ ነበር። የምድጃ ኃላፊዋ ብትሆን ምድጃው መጥፋቱን አትነግረኝም። ጌጅ ሳያይ ከስድስት ላይ ሁለት አሥረኛ የሚቀንስ፣ በስሌቱ የሚያምን ሰው ነው።»

መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ። «ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን አላወቅኩም» አለ። ግን አላስችል አለው። «ስሌቱ ልክ ነው።»

የሟች ሚስት ቀና ብላ አየችው።

«ባሌም ስሌቱ ልክ ነው ይል ነበር» አለች። «ለአዲስ ቫልቭ።»