አሥራ አራተኛው እርምጃ

መጋቢት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ አዲሱ ማሽን በአራት ተሸካሚዎችና በአንዲት መሐንዲስ ታጅቦ ወደ ሆስፒታሉ ሲገባ፣ አራሚው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

አራሚው የሚለውን ስም ያወጡለት የካርድ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። በወጣትነቱ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። አርባ ዓመት ከሞላው በኋላ ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ከሰው ተውሶ፣ መምህርም ጓደኛም ሳይኖረው፣ ዳታቤዝ ማስተዳደርን ለብቻው ተማረ። የሕሙማኑን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያሻገረው እሱ ነው። ይህን ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን እጁ አያርፍም። በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ነጥብ ይጨምራል። የተዘጋውን መስኮት እንደገና ይዘጋል። ሌላ ሰው ያሰረውን ኬብል ፈትቶ በራሱ አስተሳሰር ያስረዋል።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ በዚህ ጠባዩ ከተማረረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። «ሚስት ያጣኸው የምታርማት ሴት ጠፍታ አይደለም፤ እየታረመች የምትኖር ጠፍታ ነው» ትለው ነበር።

ማሽኑ እንዲህ ላለ ሰው የተሠራ አልነበረም። ቁመቱ ከሰው ወገብ የማያልፍ ጥቁር ሣጥን ሲሆን፣ ሰርቨሩም ዲስኩም መረቡም በፋብሪካ ተገጣጥሞ፣ ተሞክሮና ተስተካክሎ የመጣ ነው። በላዩ ላይ በመጀመሪያ ዳታቤዙ ይተከላል፤ ቀጥሎም የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውንና የመድኃኒት ቤቱን ስክሪኖች ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ሚድልዌር የሚሉት፣ ይከተላል። ተከላው ሃያ አምስት እርምጃ አለው፤ ሁሉንም የሚፈጽመው ማሽኑ ራሱ ነው። ከሰው የሚፈለገው አስቀድሞ አንድ ረጅም ቅጽ በጥንቃቄ መሙላት፣ ከዚያም እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ብቻ ነው።

መሐንዲሷ አርባ አራት ዓመቷ ነበር። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ነበረች። ማሽኑን በሚያቀርበው ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የደንበኞችን የስልክ ቅሬታ ስትቀበል ኖራለች። ብቻዋን ለተከላ ስትላክ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከተሳካላት በተከላ ክፍል ትቀጥላለች፤ ካልተሳካላት ወደ ስልኩ ትመለሳለች። ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ሳትሸሽግ ነገረችው።

«ማየት ይችላሉ» አለችው የይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ እየሰጠችው። «መንካት ግን አይቻልም። ይህን የምሰጥዎት ደንቡ ስለሚያዝ ነው እንጂ እንዲጠቀሙበት አይደለም።»

«በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረጉኝ ማለት ነው።»

«እንግዳስ እኔ ነኝ፤ ከገባሁ ጀምሮ ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ያለኝ የለም።»

አራሚው አፍሮ ወጣና ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ተመለሰ። ወደ ማሽን ክፍሉ ፈሳሽ ይዞ መግባት ክልክል በመሆኑ ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ቆመው ጠጡ። ብዙ አልተነጋገሩም። እሷ ሻይዋን ስትጨርስ ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች፤ እሱ ወደ መሐል አስጠጋው። አየችው።

ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተከላውን አስጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሄደ። አሥራ አራተኛው እርምጃ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣና ቆመ።

እንዲህ ያለው ማሽን መሐል ላይ ሲቆም ካቆመበት አይቀጥልም፤ ሁሉን አጥፍቶ፣ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሶ፣ ከአንድ መጀመር ያስፈልጋል። መመለሱ ብቻውን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይፈጃል። ረቡዕ እንደገና ጀመረች፤ አሥራ አራት ላይ ቆመ። ሐሙስም እንደዚያው።

«እስከ አሥራ ሦስት ድረስ እንደ በግ ይከተለኛል» አለች ሐሙስ ዕለት፣ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ። «አሥራ አራት ላይ ምን እንደሚያስደነግጠው እግዜር ይወቅ። ቅጹን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎም አነበቡት።»

«አንድ ስህተት የለበትም» አላት። ከእሱ አፍ ይህ ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው በሆስፒታሉ አልነበረም።

ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ቡናማ ሹራቡን አውልቆ ሰጣት። እጅጌው ረዘመባትና ሁለት ጊዜ አጠፈችው፤ አንዱ እጥፋት ከሌላው ሰፋ። እጁ ሳያዝዘው ሊያስተካክል ተዘረጋ።

«ይተዉት» አለች ፈገግ ብላ፤ «ሞቆኛል።»

እጁን መለሰ። እጅጌው ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኑ አልጠፋም። እጅጌው ብቻም አይደለም።

አንድ ነገር አለ። አራሚው ሁልጊዜ ሥራ የሚገባው ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ነው፤ መሐንዲሷ ከምትደርስበት አንድ ሰዓት ቀድሞ። ባለፉት ዓመታት አዲስ ሰርቨር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ የማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ፣ ማሽኑ ለዳታቤዙ የሚመድበውን የሜሞሪ መጠን በራሱ ልምድ ወደ ደረሰበት ቁጥር ይለውጣል። ቁጥሩ ስድስት ሺህ አራት መቶ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ስለዚህ በየጠዋቱ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ያቺን አንዲት ቁጥር ይለውጥና ይወጣል። እንደ መንካት አልቆጠረውም። ጠረጴዛ ላይ ያለ አቧራ የጠረገ ሰው ጠረጴዛውን ነካሁ ይላል?

አርብ እኩለ ቀን ላይ ለአራተኛ ጊዜ ቆመ። መሐንዲሷ ድርጅቷ ጋ ደወለች። እጇ ኪቦርዱ ላይ ስለነበር ድምፁን ለክፍሉ ሁሉ ከፈተችው። አለቃዋ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ነበር።

«ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ያለውን ዝርዝር ክፈቺና አንብቢልኝ።»

«የተገኘው ዋጋ ከሚጠበቀው ዋጋ ይለያል ይላል። የተገኘው ስድስት ሺህ አራት መቶ ነው። ፋብሪካው ተሳስቶ ነው የላከው።»

አራሚው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ደረቀ። ደብተሩ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ፋብሪካው እንደዚያ ያለ ቁጥር በአንድም ማሽን ላይ አይጭንም» አለ አለቃዋ። «ሰው ነክቶት ይሆናል።»

«ከእኔና ከደንበኛው ባለሙያ በቀር እዚህ የሚገባ የለም።»

«ታዲያ እሱስ?»

መሐንዲሷ ቀና ብላ አየችው፤ ለመጠርጠር ሳይሆን፣ በአጠገቡ ስለሚባለው ነገር ይቅርታ ለመጠየቅ ያህል። «እሳቸው እንዲህ ያለ ሥራ አይሠሩም» አለች። «በዚህ ቤት ውስጥ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። እኔን ይጠርጥሩኝ።»

«እንግዲያው አንቺን እጠረጥራለሁ። ነገ የመጨረሻሽ ነው።»

መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን «ሻይ ላምጣ?» የሚል ነበር። ባደነቀችው በዚያች ቅጽበት የአራት ቀን መከራዋ እሱ መሆኑን ቢነግራት፣ ዓይኗ ውስጥ ያየው ነገር የሚጠፋ መሰለው።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ገብቶ ማሽኑ ፊት ቆመ። ሁለቱንም እጆቹን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከትቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያ የደከመበት ሥራ አልነበረም።

ተከላው አሥራ አራተኛውን እርምጃ እንደ ውኃ አልፎት ሄደ። በዘጠኝ ሰዓት ሃያ አምስተኛው አበቃ፤ ዳታቤዙ ተነሣ፤ ሚድልዌሩ ተከተለ፤ ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ በስልክ «ስሞቹ እየመጡ ነው» አለች።

መሐንዲሷ ግን አልተደሰተችም። «ምን ለወጥኩ?» አለች፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ። «ይንገሩኝ እስቲ፣ ከትናንቱ ምን ለወጥኩ? ምንም። ለምን እንደወደቀ የማላውቀው ሰው ለምን እንደቆመ ባላውቅ ምን ይገርማል። ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ?»

«ተሳክቷል ብለው ይጻፉ።»

«አራት ጊዜ ወድቄ፣ በአምስተኛው ምክንያቱን ሳላውቅ ተሳካልኝ ብዬ?» ሹራቡን አውልቃ ሰጠችው። «አመሰግናለሁ። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ማክሰኞ ዕለት ጥዬ እሄድ ነበር።»

ሄደች። ከሳምንት በኋላ ለአንድ ጥያቄ ድርጅቷ ጋ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው እሷ ነበረች፤ «የደንበኞች ቅሬታ ክፍል፣ ምን ልርዳዎት» አለች፣ በደከመ ድምፅ። ምክንያት የሌለው ሪፖርት ወደ ስልኩ እንደመለሳት ገባው፤ ሳይናገር ዘጋው።

ሹራቡ ቤት፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። እህቱ ልታጥበው አነሣችና ቆም አለች።

«ይህ እጅጌ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ታጥፏል» አለች። «ስምንት ቀን ሙሉ እያየኸው አልፈታኸውም። አሞሃል ወይስ ሴት ናት?»

«እትዬ፣ ተዪኝ።»

«ሴት ናት» አለች እህቱ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ንገረኝ። ምን አደረግካት?»

ነገራት፤ ከአቧራው እስከ ሻዩ። እህቱ አላቋረጠችውም፤ ይህም ብቻውን አስፈራው።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ሁሉ ስህተት ስታርም ኖርክ» አለች በመጨረሻ። «የራስህ ሲሆን ሻይ ላምጣ አልክ። አሁን ተነሥተህ ጻፍ። ሳትጽፍ እራት የለም።»

ደብዳቤው ሰባት መስመር ነበር። ማሽኑን በአራት ጠዋቶች የነካው እሱ መሆኑን፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ አርብ ዕለት አውቆ ዝም ማለቱን ጻፈ። «መሐንዲሷ አንዳች ጥፋት የለባትም» ብሎ ፈረመ። አንዱን ለድርጅቷ፣ ግልባጩን ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አደረገ። ስለ ሌላው ነገር አንድ ቃል አልጻፈም፤ ይቅርታን ከልመና ጋር ማደባለቅ ነውር መስሎት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ የማሽን ክፍሉንም ቁልፍ ተቀበለው። አራሚው በሠራው ቤት በር ላይ አንኳኪ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ኮሪደሩ ላይ መስኮቱ ሥር ቆሞ ሳለ መሐንዲሷ መጣች። የሥራ ቦርሳዋን ይዛለች፤ ወደ ተከላ ክፍል መልሰዋታል። ፊቷ ግን የደስታ አልነበረም።

«አራት ቀን» አለች።

«አዎ።»

«አራት ቀን ሙሉ ያንን ማሽን እንደ ሕፃን አጥቤ አስተኝቼ ስሄድ፣ አንተ ጠዋት ጠዋት እየመጣህ ትቀሰቅሰዋለህ።» አንተ ማለቷን ሁለቱም ሰሙ። እሷ ግን አላረመችውም። «አለቃዬን ‹እኔን ይጠርጥሩኝ› ስለው አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር የምትሄጂ መሰለኝ።»

«ዝም ስትልስ አልሄድኩም?»

እሷ ቦርሳዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችና ውስጡን በብስጭት መበርበር ጀመረች። ኪሶቹን ሁሉ ፈተሸች፤ ወረቀቶቹን አወጣች፤ መለሰች። «ደብዳቤህን ፊትህ ላይ ላነበው ነበር የመጣሁት» አለች። «መነጽሬ የት ገባ?»

አራሚው እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቆሞ አያት። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

«ልናገር ወይስ ይቅር?» አላት።

«ተናገር እንጂ፤ አሁን ደግሞ ዝም ልትል ነው?»

«ግንባርሽ ላይ ነው።»

እጇን ወደ ላይ ሰደደች፤ አገኘችው። ልትቆጣ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከካርድ ክፍል ሰው ብቅ ብሎ እስኪያያቸው ድረስ ሳቀች።

«አንድ ደንብ አለ» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ስህተት ስታይ መናገር ይቻላል። ሳይናገሩ መንካት አይቻልም።»

«የእኔንስ ስህተት?»

«የአንተን እኔ እናገራለሁ። ሥራ አላጣም።»

ሄዶ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አመጣ።

በዓመቱ ተጋቡ። እህቱ ከምስክሮቹ አንዷ ሆና ፈረመች፤ ስትፈርምም «መመለስ አይቻልም፤ ወደ ፋብሪካ የሚመለሰው ማሽን ብቻ ነው» አለቻት ለሙሽራዋ። ቡናማው ሹራብ እስከ ዛሬ አለ፤ እጅጌው እንደታጠፈ ነው፤ የሚፈታው የለም።

እነሆ ታሪኩ ይህ ነው። ባለቤቴ ይህን አንብባ፣ ማሽኑን የተሸከሙት አራት ሳይሆኑ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ደብዳቤውም ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ መስመር ነው ትላለች። እኔ እንደማስታውሰው ጽፌዋለሁ። ያን ጊዜ በዚያ ሆስፒታል የነበራችሁ ሁሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ወይም የእርምጃውን ቁጥር ስቼ ከሆነ አርሙኝ፤ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እጠብቃለሁ።