ዓይን የሌለው የጉድጓዳችን እንስሳ

ፍቅርአዲስ አጉሊ መነጽሩን ወደ ጠርሙሱ ስታስጠጋ ሁለት ጥቋቁር ዓይኖች አፈጠጡባት።

ክው አለች። መነጽሩን በዩኒፎርሟ ጫፍ ወልውላ እንደገና አየች። ዓይኖቹ አሁንም አሉ። ግራና ቀኝ እንደ ችካል ወጣ ብለው ይንቀዋለላሉ። እንስሳው ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድም ሐሳብ እንደሌለበት ሁሉ ውሃውን ይቀዝፋል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእነሱ እንስሳ ዓይን የለውም። ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ ያመጣቸው፣ ከጎንደር ድረስ ሰው ያስመጣው፣ ዓይን የሌለው በመሆኑ ነው። ከጠረጴዛው በላይ በተሰቀለው ባለሥዕል ካርቶን ላይ ጓደኛዋ እየሩስ በዚያ በሚያምር እጇ «ዓይን የለውም» ብላ ጽፋ በቀይ አስምራበታለች።

የሳይንስ ውድድሩ አዳራሽ በተማሪ ተጨናንቋል። አንዱ ከቆርቆሮ የሠራውን የነፋስ ወፍጮ በአፉ እፍ እያለ ያሽከረክራል፣ ሌላው በፀሐይ የሚሠራ ምድጃውን ደመና ስለመጣበት ይራገማል። ዳኞቹ ከሩቁ ጥግ ጀምረው ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየመጡ ነው። ከመካከላቸው ዶክተር ዙፋን አሉ፤ የውሃ ውስጥ ትናንሽ እንስሳትን የሚያጠኑ ሴት ናቸው። የባዮሎጂ መምህራቸው ደረበ ፎቶውን በስልክ ቢልክላቸው «በዓይኔ ካላየሁ» ብለው የመጡት ለዚህ ጠርሙስ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሽንፋ፣ እነፍቅርአዲስ ግቢ ነው። ጉድጓዳቸው ጥልቅ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እንኳ ግርጌው አይታይም። በበጋው መጨረሻ ውሃው ሲቀንስ ፍቅርአዲስ የቀዳችውን በጨርቅ ስታጠል ከማሽላ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነጭ ነገር ጨርቁ ላይ ተንፈራገጠ። እናቷ «ድፊው፣ ይኸን ትል!» አለቻት። አልደፋችውም። መምህር ደረበ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ደጋግሞ አየና፣ የሽሪምፕና የክራብ ዘመድ መሆኑን፣ ምናልባትም እስካሁን ማንም ያልጻፈው እንስሳ ሊሆን እንደሚችል ነገራቸው።

«ለመጻፍ ግን መልኩን አንድ ባንድ መናገር አለባችሁ» አላቸው። «ከብት የጠፋበት ሰው ምልክቱን እንዴት ነው የሚናገረው? ቀንዱ እንዲህ፣ ጆሮው እንዲህ፣ ጭራው እንዲህ። የሰማው ሁሉ ሲያገኘው እንዲያውቀው።»

ሁለቱ ጓደኛሞች ምልክቱን ሲለቅሙ ሰነበቱ። እየሩስ ትስላለች፣ ፍቅርአዲስ እግር ትቆጥራለች። ሌላ እንስሳ ለማግኘት ጉድጓዱን ደጋግመው ቢያጠሉም አልተገኘም። ያላቸው ያ አንዱ ብቻ ነበር።

አሁን እሱም የለም።

«እየሩስ» አለች ፍቅርአዲስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይኸ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«አታሞኝኝ። የኛ የት ሄደ?»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። «ሞተ።»

«ምን?»

«ጩኸትሽን ቀንሽ እንጅ! ጠዋት ስነሣ ሞቶ አገኘሁት። አንች ተኝተሽ ነበር። ካደርንበት ከአክስቴ ቤት ጀርባ ትራክተር የሄደበት ቦይ ዝናብ ቋጥሯል፤ ከዚያ ነው ይኸን የያዝሁት። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ናቸው።»

«ሴትዮዋ እኮ ዕድሜ ልካቸውን ይኸን ሲያዩ ነው የኖሩት!»

«ጠርሙሱን እኔ እይዘዋለሁ፣ አላስጠጋቸውም። አንች ሥዕሉን ብቻ ተናገሪ። ሥዕሉ ላይ ውሸት አለበት? የለበትም። በዓይናችን ያየነው ነው።»

ፍቅርአዲስን የጨነቃት ይኸው ነው። ሥዕሉ ላይ ውሸት የለም። እያንዳንዷን እግር ራሷ ቆጥራታለች። ዳኞቹ የነፋስ ወፍጮው ጋ ደርሰዋል፤ ባለወፍጮው ፊቱ እስኪቀላ እፍ ይላል።

«ለምን ሞተ?» አለች። «ትናንት ደህና አልነበር?»

እየሩስ በእግሯ ጫፍ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገቻት። ፍቅርአዲስ ግን አየቻት።

«እየሩስ?»

«ማታ ውሃ ስቀይርለት ከዚች ነው የጨመርሁለት። ከሽንፋ ይዘሻት ከመጣሽው። ጠዋት ተጠቅልሎ፣ እግሮቹ ረግፈው...» እየሩስ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ያጠብሻት አንች ነሽ። እኔ ገደልሁት ብለሽ እንዳታለቅሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁሽ። እንጅማ ለሽልማቱ አይደለም። እሽ፣ ለሽልማቱም ነው።»

ፍቅርአዲስ ጎንበስ ብላ የጀሪካኗን ክዳን ከፈተች። አውቶቡስ ውስጥ በሙቀት ተቀቅላ የመጣችው ጀሪካን ትንፋሿ ሽው አለ። ሽታውን አወቀችው። አባቷ ማሳ ረጭቶ ሲመጣ ሸሚዙ የሚሸተው ሽታ ነው።

ቆላ ላይ የመድኃኒት ጀሪካን አይጣልም። ፀረ-አረሙ ሲያልቅ ባመድና ባሸዋ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ውሃ ይያዝበታል። ሁሉም ቤት እንዲያ ነው። ዘንድሮ አባቷ ሁለት ጀሪካን አመጣ፤ ሁለቱንም ያጠበቻቸው እሷ ነች፣ ክንዷ እስኪዝል። አንዷ ይችው። ሁለተኛዋ ቤት ቀርታለች። እናቷ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለአባቷና ለቀን ሠራተኞቹ ውሃ የምትወስድባት እሷን ነው።

ባለፈው ሳምንት አባቷ ራሴን ብሎ ከእርሻ ሲመለስ፣ ፀሐዩ ነው ተባለ። ከሠራተኞቹም አንዱ ሲያስመልሰው ያደረው ፀሐዩ ነው ተብሎ ነበር። ፍቅርአዲስ ክዳኑን ዘጋችው።

«እናቴ ጋ መደወል አለብኝ።»

«አሁን?» እየሩስ ክንዷን ያዘቻት። «አትቀውጪው እንጅ! ስንት ጊዜ ጠጥተውበታል፣ ምን ሆኑ? ካቀረብን በኋላ ትደውያለሽ።»

ፍቅርአዲስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ስድስት ሊሞላ ነው። እናቷ አንዴ ከግቢ ከወጣች ኔትወርክ የለም። እሷና እየሩስ ደግሞ ስልክ የላቸውም፤ ያለው መምህር ደረበ ጋ ነው። እሱም ከዳኞቹ ጋር እየመጣ ነው፣ ልጁን እንደሚድር ሰው ፊቱ በርቶ። ለምን ትደውያለሽ ቢላት ምን ትለዋለች? ደግሞስ እየሩስ እውነቷን ቢሆንስ? እንስሳው እኮ ከማሽላ ፍሬ አይበልጥም፤ ሰው ግን ሰው ነው።

እንዲህ ስታወጣና ስታወርድ ዳኞቹ ደረሱ።

«የሽንፋ ልጆች እናንተ ናችሁ?» አሉ ዶክተር ዙፋን እየሳቁ። «እንቅልፍ የነሣችሁኝ! በሉ ጀምሩልኝ።»

እየሩስ ጠርሙሱን አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ፍቅርአዲስ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ስታጠናው ስለከረመች አፏ ብቻውን ተናገረ።

«ከራሱ እንጀምራለን። ሁለት ጥንድ አንቴና አለው፤ የላይኛው ከታችኛው ይረዝማል። ሰውነቱ ከጎንና ከጎን ተጨፍልቋል፣ ስለዚህ ሲያርፍ በጎኑ ይተኛል። ደረቱ ላይ ሰባት ጥንድ እግሮች አሉት። የፊተኞቹ ሁለት ጥንዶች ጫፋቸው እንደ ማጭድ ታጥፏል፤ የሚይዘው በነሱ ነው። የቀሩት አምስቱ...»

«ዓይኑስ?» አሉ ዶክተሯ፣ መነጽራቸውን እያወጡ። «እስኪ ጠርሙሱን ወዲህ በይው።»

እየሩስ አልተንቀሳቀሰችም። መምህር ደረበ ከኋላ ሆኖ «በይ እንጅ» የሚል ምልክት ያሳያል። ፍቅርአዲስ «ዓይን የለውም» ብትል እውነት ነው። ብትለውና ብትጨርስ ይለቋታል። እናቷ ግን ይኼኔ ነጠላዋን እያገለደመች ነው።

«ዶክተር» አለች፣ ድምፅዋ ተሰባብሮ። «ይኸ የኛ እንስሳ አይደለም። የኛው ሞቷል። የሞተው የመድኃኒት ጀሪካን ውስጥ በነበረ ውሃ ነው። እናቴ አሁን እንደዚያ ባለ ጀሪካን ለአባቴ ውሃ ልትወስድ ነው። እባክዎ፣ ስልክ ያውሱኝ።»

የመምህር ደረበ ፊት ጠቆረ። እየሩስ ጠርሙሱን አስቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ዶክተር ዙፋን ግን አንዲት ቃል ሳይጠይቁ ስልካቸውን ከፍተው ሰጧት።

ጠራ። ጠራ። ፍቅርአዲስ በልቧ «አንሺው፣ አንሺው» ትላለች።

«ማን ልበል?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። የት ነሽ?»

«አጥሩን ልወጣ ነው። ምነው? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ምንም አልሆንሁ። ውሃውን በምን ያዝሽው?»

«በምን እይዘዋለሁ? በጀሪካኗ ነዋ!»

«ድፊው እማዬ።»

«አብደሻል? ለሰው ሁሉ የቀዳሁትን? አንች አይደለሽ እንዴ ያጠብሻት?»

«እኔ ነኝ። ግን አልጠራችም። መድኃኒቱ አለባት። እንስሳዬን ገደለችው።»

«ያን ነጭ ትል?»

«አዎ።»

ፍቅርአዲስ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። ቆይቶ ውሃ መሬት ላይ ሲንዶቀዶቅ ተሰማት።

«ኸላስ፣ በቃ ደፋሁት» አለች እናቷ። ድምፅዋ ተለውጧል። «በይ ልዝጋው፣ በማሰሮ ልቅዳ። አባትሽ ውሃ ጠምቶታል።»

ፍቅርአዲስ ስልኩን ለዶክተሯ መለሰችላቸው።

«ጣላችሁት?» አሉ ዶክተሯ። «የሞተውን ማለቴ ነው።»

እየሩስ አፍንጫዋን ጠርጋ ከደረት ኪሷ የእስክሪብቶ ክዳን አወጣች። አፉን በጥጥ ወትፋዋለች። «እንዴት እጥለዋለሁ?» አለች።

ዶክተር ዙፋን በመነጽራቸው እያገላበጡ አዩት። «ዓይን የለውም፣ እውነታችሁን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን አብዛኞቹ እግሮቹ ረግፈዋል። በዚህ ብቻ አዲስ ነው ብዬ መፈረም አልችልም። ሙሉውን ካገኛችሁ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ።» ክዳኑን በጥንቃቄ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ዳኞቹ ነጥብ ሳይሰጡ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፉ። መምህር ደረበም ተከተላቸው፤ ትንሽ ሄድ ብሎ ግን ዞሮ «እናትሽ የሌላኛዋን ጀሪካን ውሃ ደፍታዋለች?» ብሎ ጠየቀ። ፍቅርአዲስ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ተናደድሽብኝ?» አለች እየሩስ።

«በጣም።»

«እሽ።»

በሩ ተከፍቶ የከተማው ሰው መግባት ጀመረ፤ ገበያ የወጡ ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ፍቅርአዲስ የቦዩ እንስሳ ያለበትን ጠርሙስ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቢጫዋን ጀሪካን ከጠረጴዛው ሥር አወጣቻትና ከእስክሪብቶው ክዳን አጠገብ፣ ታሽቶም ያልተላጠው የመድኃኒቱ ወረቀት ወደ ሰዉ እንዲዞር አድርጋ አስቀመጠቻት።

«ሥዕሉን አንች ያዥው» አለቻት እየሩስን። «እኔ ከራሱ ጀምሬ ጀሪካኗ ላይ እጨርሳለሁ።»