ከሬሳው የቀደመ ዜና

ቫልዴሊሲ ሞታ የተገኘችው በጋዜጣው ሕንጻ የጓሮ ደረጃ ሥር ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ። ጥቁር ወጣቶችን ለጋዜጠኝነት የምታሠለጥን ሴት ነበረች። ያገኘቻት የጽዳት ሠራተኛዋ ዳልቫ ስትጮህ ፎቁ በሙሉ ሰማ።

መርማሪዋ ኢራሴማ ኪሪኖ ስትደርስ ሠልጣኙ ዣንዲር በካቴና ታስሯል። ፎቶውም «ጥቁር ወጣት ከደረጃው ሲሮጥ ታየ» ከሚል ርዕስ ጋር በጋዜጣው ድረ ገጽ ወጥቷል።

ዋና አዘጋጁ ኦታሲልዮ ብራንት፣ ልጁ ትናንት በሥልጠና ውጤቱ ምክንያት ከአሠልጣኟ ጋር መጨቃጨቁን ነገራት። ዣንዲር በበኩሉ ሽንት ቤት ነበርኩ አለ፤ የሚመሰክርለት ግን የለም።

«ሲሮጥ ያየው ማነው?» አለች ኢራሴማ።

«ምንጭ አይገለጽም፣ ወይዘሮ ኢራሴማ» አለ ብራንት።

«ጩኸቱ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበሬ ላይ። እሱን ሰምቼ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ሌሎቹን ጋዜጦች በሁለት ደቂቃ ቀደምናቸው።» ይህን ሲል ደረቱን ነፋ።

ኢራሴማ ገጽ አቀናባሪዋን ኔይዴን ብቻዋን አነጋገረች። ከዚያ ሁሉንም በሥልጠናው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ዜና መቼ እንደተጀመረ ይመዘግባል» አለች። «ይሄ ዜና በብራንት የይለፍ ቃል አራት ሰዓት ከስምንት ላይ ተጀምሯል፤ ‹አሠልጣኟ ሞታ ተገኘች› ብሎ። ዳልቫ ያገኘቻት ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆይታ ነው። ማንም ሳያገኛት መሞቷን የሚያውቅ፣ የገፈተራት ሰው ነው።»

«ለምን ብዬ?» አለ ብራንት።

«ቫልዴሊሲ ጋዜጣችሁ በዓመቱ ያወጣውን የወንጀል ዜና ሰብስባ ነበር። ተጠርጣሪው ነጭ ሲሆን ፊቱ ይሸፈናል፣ ጥቁር ሲሆን ይገለጣል። ከሰዓት በኋላ ለጋዜጣው ባለቤቶች ልታሳይ ነበር፤ ለኔይዴ ነግራታለች። የሚሮጠውን ወጣት ግን ያየ የለም። ወንጀለኛ ሲያስፈልግዎ እጅዎ የለመደውን ጻፈ።»

«ማስረጃውን ልቀማት ነበር እንጂ ልገድላት…» አለ ብራንት።

የዣንዲር ካቴና ተፈታ። አላመሰገነም።

«ፎቶዬን ስንት ሰው አየው?»

ኔይዴ አንገቷን ደፋች። «አርባ ሺህ።»

«ወይዘሮ ኢራሴማ፣ ብረቱን ፈቱልኝ። ይሄን ማን ይፈታልኛል? እናቴ ደውላ ‹ገደልካት?› ብላ ጠየቀችኝ እኮ። የወለደችኝ።»

ኔይዴ ከኮምፒውተሯ ፊት ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት።

«በስምህ ጻፈው» አለችው።

ተቀመጠ። የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ አጠፋው። በአራተኛው ጻፈ፦ «አልሮጥኩም።»